ጥራዝ ያላየ ጥራዝ ነጠቅ

የቆሎ ተማሪ አጥብቆ የሚፈራው ስድብ አለ፤ «ጥራዝ ነጠቅ» ይባላል። ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ መጽሐፉን ያልዘለቀ፣ ከአንዱ ጥራዝ አንድ ቃል ከሌላው ጥራዝ አንድ ሐረግ ነጥቆ በአደባባይ ሊቅ ልምሰል የሚል ሰው የሚጠራበት ስም ነው። ስድቡ ይመራል። ሆኖም ልብ ላለው ሰው በውስጡ አንዲት ምስጋና ብጤ ተሸሽጋበታለች፤ ሰውዬው ቢያንስ የሚነጥቀው ጥራዝ አግኝቶ ነበር። እኔ ዛሬ ልሞግተው የተነሣሁት ወገን ይህችም የለችው። የልዕለ ጀግና ኮሚክስ አፍቃሪ ነኝ ይላል፤ «ይህን ሳታነቡ እንዳትሞቱ» እያለ ይመክራል፤ ደራሲን ከደራሲ፣ ሠዓሊን ከሠዓሊ ያበላልጣል፤ ባልንጀራውን «አታውቅም» ብሎ ያሳፍራል። ከሚያወድሳቸው ጥራዞች ግን አንዱን እንኳ በጣቱ ገልጦ አያውቅም።

ውድ አንባብያን፣ የምጽፍላችሁ ከማክሰኝት ነው፤ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ። «ማክሰኝትንና ባትማንን ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገናኛቸው ሞልቷል። የሸረሪት ሰው በባጃጅ የኋላ መስታወት ተለጥፎ ይከንፋል፤ ባትማን ከተማሪ ደብተር ሽፋን ላይ ቁልቁል ያያል። ወጣቱ ፊልሙን በስልኩ ተመልክቶ ሲያበቃ ጸጉር ቤት ተቀምጦ ክርክሩን ይጀምራል። ማርቭል ይበልጣል ወይስ ዲሲ? ሱፐርማንና ቶር ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል? እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ የወጣትነት መብት ነው። ነገሩ የሚበላሸው ከፊልሙ ወደ መጻሕፍቱ ሲሻገሩ ነው። ያን ጊዜ አንዱ ስልኩን ያወጣና «ሊነበቡ የሚገባቸው 10 ጥራዞች» የሚል ዝርዝር ያነባል። ዝርዝሩን ያወጣው ኒውዮርክ ወይም ለንደን የሚኖር ሰው ነው፤ መጻሕፍቱ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ስለሚያገኛቸው ለጎረቤቱ መከራቸው። የእኛው ሰው ዝርዝሩን እንዳለ ተቀብሎ የራሱ ምክር ያደርገዋል።

ይህን የምለው ከሩቅ ቆሜ አይደለም። እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። ጠርዛቸው የተበላ፣ በሰው በሰው ተልከው የደረሱኝ ጥቂት ጥራዞች ከነአቧራቸው በመደርደሪያዬ ላይ አሉ፤ አንዳንዶቹን ከ3 ጊዜ በላይ አንብቤአቸዋለሁ። ስለዚህ ሙግቴ የቤት ውስጥ ሙግት ነው። ነቀፌታዬም አንድ ነው፦ አንባቢው ሊደርስበት የማይችለውን መጽሐፍ መምከር ምክር አይባልም፤ መታበይ ነው። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ይህን ነው። ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነውና «ኦምኒበስ» የሚሉት ወፍራም ጥራዝ በውጭ አገር ከ100 ዶላር በላይ ይሸጣል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ገንዘብ በብር ሲመነዘር የአንድ ጀማሪ መምህርን የወር ደመወዝ ይውጣል። ማክሰኝት ላለ የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ይህን ካላነበብክ ስለ ኮሚክስ አታውራ» ማለት በረሃ ላይ ለቆመ ሰው ስለ ጣና ውኃ ጣዕም እንደ መተረክ ነው። ተራኪው ራሱም ከውኃው አልቀመሰ!

«ፊልሙን አይተናል፤ ታሪኩ ያው ነው» የሚሉ አሉ። መልሴን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። «ዋችሜን» የተባለው ሥራ በአለን ሙር ደራሲነትና በዴቭ ጊበንስ ሠዓሊነት እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1987 በ12 ክፍሎች ወጥቶ ኋላ በአንድ ጥራዝ ተሰበሰበ። አብዛኛው ገጽ በ9 እኩል ሣጥኖች የተከፈለ ነው። 5ኛው ክፍል ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ የመጨረሻውን፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ያለውን እየመሰለ እስከ መካከል ድረስ እንደ መስታወት ይተያያል። ይህን የሚያስተውለው ጣቱን በአንዱ ገጽ ላይ አኑሮ ወደ ሌላው የሚመለስ ሰው ብቻ ነው። ፊልም ተመልካቹን ጭኖት ይሄዳል፤ ኮሚክስ ግን አንባቢው በራሱ እግር እንዲሄድ ይጠይቃል። በአንዱ ሣጥንና በቀጣዩ መካከል ያለችው ነጭ ክፍተት ባዶ አይደለችም፤ በመጀመሪያው ሣጥን የተነሣው ክንድ በሁለተኛው ወድቆ ስናይ መካከሉን የሞላነው እኛ ነን። ይህን ሥራ ያልሠራ ሰው ኮሚክሱን አንብቤአለሁ ሊል አይችልም።

በዚህ ረገድ ከጓሯችን የምንማረው ነገር ነበረ። ጎንደር የጉባኤ ቤት አገር ናት። በአብነቱ ትምህርት ሥርዓት ተማሪው መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ንባብ ያደላድላል፤ ዜማውና ቅኔው ይከተላሉ፤ ትርጓሜ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ንባቡን ያላደላደለ ተማሪ ተነሥቶ «አንድም» ልበል ቢል መምህሩ ዝም አይሉትም። የእኛ የኮሚክስ ጉባኤ ግን ንባቡን ዘሎ ከትርጓሜው ጀመረ፤ ሁሉም «አንድም» ባይ ሆነ፤ የሚተረጎመው መጽሐፍ ግን በመካከላችን የለም። ክርክራችን የማያልቀውም ለዚህ ነው። ማስረጃ የሚሆን ገጽ በሌለበት ክርክር የሚረታው ድምፁ የጎላ ነው።

ስለ ጥራዝ አብዝቼ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። የልዕለ ጀግና ኮሚክስ ሲወለድ ለመቆየት የታሰበ ነገር አልነበረም። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት 1ኛ እትም ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር፤ ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተርም ባለቤትነቱን በ130 ዶላር ሸጡት። ሕፃናቱ አንብበው ጣሉት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ወረቀት ለጦርነቱ ሲሰበሰብ ስፍር ቁጥር የሌለው ኮሚክስ አብሮ ተሰባስቦ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድሪክ ወርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክስ ልጆችን ያበላሻል የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመት አሳታሚዎቹ በራሳቸው ላይ የሳንሱር ደንብ ጣሉ። ሥራው ከዚህ ውርደት የወጣው ቀስ በቀስ ነው፤ ካወጡትም ነገሮች አንዱ መጠረዝ ነው። የተበታተኑት ክፍሎች ተሰብስበው ጀርባ ሲያገኙ ከጋዜጣ መሸጫ ወደ መጻሕፍት መደብር፣ ከመደብርም ወደ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። የኒል ጌይማን «ሳንድማን» እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1996 በ75 ክፍሎች ወጥቶ በ10 ጥራዞች ተሰበሰበ፤ ዛሬም የሚነበበው በጥራዞቹ ነው። ጃፓኖች ይህን መንገድ ከሁሉም አብልጠው ያውቁበታል፦ በርካሽ ወረቀት በሚታተም ሳምንታዊ መጽሔት ጥቂት ጥቂት ገጽ ያወጣሉ፤ ሳምንታዊው ይጣላል፤ ታሪኩ ግን 200 ገጽ ያህል በሚሆን፣ በኪስ በሚገባ፣ በጥቁርና ነጭ በታተመ ትንሽ ጥራዝ ይሰበሰባል። ተማሪ ይገዛዋል፤ ለጓደኛው ያውሰዋል።

እኛስ ይህን አናውቀውም? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንቱ ሰው ነው መጀመሪያ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ በየክፍሉ የሰማው! ድምፁ በአየር ላይ አልፎ ሄደ፤ ጥራዙ ግን ቀረ። ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ዛሬም መጽሐፉን ገልጠው «እነሆ ቃሉ» ሊባባሉ ይችላሉ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ከገበያ ሲሰበሰብ በሰዎች እጅ የቀሩት ቅጂዎች እየተዋዋሱ ተነበቡ፤ መጽሐፉን ያተረፈው የሚደበቅና የሚዋስ አካል ስለነበረው ነው። ትውልድ የሚከራከርበት ነገር መጀመሪያ ሊጨበጥ ይገባዋል።

ወደ ሌላው ተሟጋቼ ልዙር። ይህኛው ኮሚክስ አይወድም፤ ስለ ሥነ ጽሑፍ ጥብቅና የቆመ ነው። «ሥዕል ያለበት መጽሐፍ የልጅ ነው፤ ልዕለ ጀግናም የፈረንጅ ቅዠት ነው፤ ባህላችን አይደለም» ይለናል። ለልጅ የሚሆን ነገር ስለምን እንደሚናቅ አላውቅም፤ የአንድ አገር አንባቢ ሁሉ መጀመሪያ ልጅ ነበር። «ባህላችን አይደለም» ለሚለው ግን ከመጻሕፍት ሳይሆን ከግድግዳ እመልስለታለሁ።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ከማክሰኝት ጎንደር አንድ ሰዓት አይፈጅም። ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሂድና ግድግዳውን ይመልከት። ወደ ጣና ይውረድና በጎርጎራ ደብረ ሲናን፣ በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለም። ቅዱሳንን ከልብ ወለድ ጀግና ጋር እያወዳደርኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ እንዲህ ያለ ድፍረት የለኝም። የምናገረው ስለ ሠዓሊው ሞያ ነው። ያ ሠዓሊ ማንበብ ለማይችል ምእመን ታሪክን በክፍል በክፍል ከፍሎ፣ አንዱን ትዕይንት ከአንዱ በመስመር ለይቶ፣ ከሥሩ ወይም ከራሱ በላይ አጭር ጽሕፈት አኑሮ፣ ዓይን ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ አስልቶ ያስነብባል። ጻድቁን በሙሉ ፊትና በሁለት ዓይን ይሥለዋል፤ ክፉውን በጎን አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። ከሩቅ ያየ ሕፃን ወዳጁን ከጠላቱ ለመለየት ጠያቂ አያስፈልገውም። የኒውዮርክ ሠዓሊ ክፉውን በጭንብልና በቀለም ለመለየት የሚደክመውን ድካም የእኛ ሠዓሊ በአንዲት ዓይን ጨረሰው! በአዲስ አበባ የቱሪስት ዕቃ መሸጫዎች የሚሰቀለውን የንግሥት ሳባ ሥዕልም ሁላችን እናውቀዋለን፤ ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥኖች ተከፍሎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ረድፍ በረድፍ እየተነበበ፣ ከዘንዶው ተነሥቶ እስከ ምኒልክ ቀዳማዊ የሚሄድ ነው። ይህ በሥዕል የተተረከ ታሪክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ልዩነቱ አልተጠረዘም፤ ተጠቅልሎ ለቱሪስት ተሸጠ።

ቋንቋውም ቢሆን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የሣጥኖቹን ቅደም ተከተል መገልበጥ አያስፈልግም። ከዚያ በላይ ግን አማርኛ «አለ» የሚል ተአምረኛ ግሥ አለው። ብድግ አለ፣ ዘፍ አለ፣ ቦግ አለ፣ ድርግም አለ፣ ክው አለ፣ እልም አለ። እንግሊዝኛው ጀግና ሲመታ «ፓው»፣ ሲፈነዳ «ቡም» እያለ በጥቂት ድምፆች ሲመላለስ፣ እኛ ሰው መሬት የወደቀበትን አወዳደቅ እንኳ በቃል ለይተን እንሥላለን። ዘጭ ያለና ዱብ ያለ አንድ አይደሉም፤ ሸብረክ ያለና ፍግም ያለ አንድ አይደሉም። እነዚህን ቃላት ከአረፋ ውጭ፣ በሣጥኑ ላይ በደማቁ ጽፎ የሚያሳየን የአማርኛ ሠዓሊ ያስፈልገን ነበር። ይህን ሀብት ይዘን ነው እንግዲህ «ባህላችን አይደለም» የምንባለው።

አሁን ከሁለቱም ወገን ዝምታ የሚጠብቀኝን ጥያቄ ላንሣ። በ2011 ዓ.ም. ኤታን ኮሚክስ የተባለው የብስራት ደበበ አሳታሚ ድርጅት «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ወጣት ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው በዚህ መንከራተት መካከል ነው። በቀጣዩ ዓመት ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ «ሐዊ» ተከተለች፤ ባለታሪኳ እምነት ለገሰ የምትባል ሴት ናት። ከዚህ ሌላ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ለሕፃናት ያበረከቱት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ ያለዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን የሚታገሉ 3 ልዕለ ጀግና ልጃገረዶች የሚታዩባቸውን «ጥበብ ገርልስ» የተባሉ የካርቱን ፊልሞች ሠርተዋል። ያለዕድሜ ጋብቻ በእኛ ክልል ተረት አይደለም፤ ስንቷ ጎበዝ ተማሪ ከመማሪያ ክፍል ወንበሯ ተነሥታ ለሙሽርነት እንደተዳረች የማያውቅ የማክሰኝት ሰው የለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የእኛ አፍቃሪ ስለነዚህ ምን አለ? ባትማን በየትኛው ደራሲ እጅ እንደጎለመሰ ሲተነትን የሚያመሽ ሰው «አማኑኤል ጥላሁን ማነው?» ቢባል «የትኛው ሰፈር ልጅ ነው?» ይላል። ሥራ የሌለው ተመራቂ ኃይል ቢያገኝ መጀመሪያ ምን ያደርግበት ነበር? ይህ ጥያቄ የጎተም ከተማ ወጣት ይልቅ የእኛን ወጣት ይመለከተዋል። አማርኛው በአፋችን እንደምንናገረው ነው ወይስ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ይመስላል? የጀግናው ልብስ የማንን ሽመና ያስታውሳል? ሠዓሊው አዲስ አበባን ሲሥል ጎዳናዋን እናውቀዋለን? እነዚህ የሚያከራክሩ፣ የሚያጣሉም ጥያቄዎች ናቸው። ነቀፌታ ይኑርበት! የአገር ልጅ ሥራ በትችት አይሞትም፤ የሚሞተው ስሙን የሚጠራ ሲጠፋ ነው።

በዚህ ፈንታ የምናደርገውን ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1966 ስታን ሊና ጃክ ከርቢ የተባሉ ሁለት የኒውዮርክ ሰዎች «ፋንታስቲክ ፎር» በተባለው መጽሔት 52ኛ እትም ላይ ብላክ ፓንተርንና ዋካንዳን ፈጠሩ፤ ለባዕድ ያልተንበረከከች፣ ሀብቷን የሸሸገች የአፍሪካ መንግሥት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ እኛም ከዓለም ጋር አጨበጨብን፤ ደግ አደረግን፤ ግሩም ፊልም ነው። ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነውን የሚያከብር ሕዝብ ያልተገዛች አፍሪካን በሌላ ሰው ምናብ ብቻ እያየ የሚኖረው እስከ መቼ ነው? ስታን ሊንና ከርቢን አልወቅስም፤ ያላቸውን ምናብ በ12 ሳንቲም መጽሔት ላይ አውለው ለሕፃን እጅ አደረሱት። እኛ የኖረ ታሪክ ይዘን ለራሳችን ልጅ እጅ የሚደርስ አንድ ርካሽ ጥራዝ እንዲኖር ስንጮህ አልተሰማንም።

«ዛሬ ሁሉም በስልክ ይገኛል፤ ወረቀት ለምን?» የምትሉ አላችሁ። ይህን ጥያቄ ለማክሰኝት ሰው አትጠይቁት። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ስልኩ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ያለው የሚመስለው ሁሉ ባዶ ብርጭቆ ይዞ ቀረ። ግጭቱ መንገድ ዘጋ፤ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለዩ። ያን ጊዜ በቤቴ ከነበሩት ጥራዞች መካከል 4ቱ ከእኔ ጋር አልነበሩም፤ ከጎረቤት ልጅ ወደ ጎረቤት ልጅ ሲዞሩ ነበር የከረሙት። እንግሊዝኛውን በደንብ የማያነብ ልጅ ሥዕሉን እየተከተለ ለታናሹ በአማርኛ ሲተርክለት ሰምቻለሁ፤ ግማሹን ከራሱ ፈጥሮ። አንደኛው ጥራዝ ሽፋኑን አጥቶ ተመለሰ። አልተቆጣሁም፤ ሽፋን የሚወልቀው ከተነበበ መጽሐፍ ላይ ነው። ኔትወርክ የማይዘጋው፣ መብራት የማያጠፋው፣ ባትሪ የማይጨርሰው፣ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት በሕፃን ብብት ሥር የሚሄድ ትምህርት ቤት ቢኖር ይህ ነበር። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምን ያህል ልጅ በደረሰበት!

እንግዲህ ነቅፎ ዝም ማለት የሰነፍ ነው፤ የምለውን ልበል።

መጀመሪያ ለአፍቃሪው። ስትመክር ያነበብከውን ምከር፤ በስንት ክፍል፣ በየትኛው ጥራዝ፣ ከየት እንደሚገኝ ጨምረህ ንገር። ጥራዙ በእጅህ ካለ ምክርህን በማዋስ ጀምር፤ የማታውሰውን መጽሐፍ አትምከር። ሁልጊዜ ከምትጠራቸው 10 ስሞች አንዱ የአገር ልጅ ሥራ ይሁን፤ ልታወድሰው ባትፈልግ ንቀፈው፤ ግን አንብበህ ንቀፈው።

ቀጥሎ በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቻችን። ለበዓል ስትመጡ ከጫማውና ከሽቶው መካከል ለአንድ ስስ ጥራዝ ቦታ አይጠፋም። ጥራዙም ለአንድ የእኅት ልጅ ብቻ ሳይሆን ለትውልድ ቀበሌያችሁ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሁን። አንድ ስኒከር አንድ እግር ያሳምራል፤ አንድ ጥራዝ ሽፋኑ እስኪወልቅ 50 ልጅ ያነበዋል።

ከዚያ ለአሳታሚዎችና ለሠዓሊዎች። የሚያብረቀርቅ ወረቀትና ሙሉ ቀለም ካልሆነ አትበሉ። የጃፓን ሕፃን በጥቁርና ነጭ፣ በሻካራ ወረቀት እያነበበ አድጎ ነው ዓለምን የሚያስደንቅ ሥነ ሥዕል ያፈራው። የእኛም ብራና በአብዛኛው በጥቁርና በቀይ ቀለም የተጻፈ ነው፤ ማንም ጎደለው አላለም። የወጡትን ክፍሎች ሰብስባችሁ፣ በአማርኛ፣ በርካሽ ወረቀት፣ በጠንካራ ስፌት ጠርዙልን። ወረቀት መወደዱን እናውቃለን፤ ለዚህም ነው ውበቱን ትታችሁ ጥንካሬውን አስቀድሙ የምንለው። አዲስ አበባ ብቻ አይሽጡት፤ ጎንደርና ባሕር ዳር ያሉት መጻሕፍት ሻጮች ከደረሳቸው ማክሰኝት ይደርሳል፤ የአውቶብስ ረዳት ለሰው አደራ ሲያደርስ የኖረ ነው።

በመጨረሻ ለሥነ ጽሑፍ ጠባቂው። ልጆች አያነቡም እያልክ ስታለቅስ ዓመታት አለፉ። ልጆቹ የሚያነቡትን በር ላይ ቆመህ የከለከልከው አንተ ነህ። ዛሬ በሥዕል ታሪክ ተስቦ ፊደል የወደደ ልጅ ነገ ያንተን ልብ ወለድ ሊያነብ ይመጣል፤ ዛሬ ፊደል ያልወደደ ልጅ ግን ነገ የትም አይመጣም።

ይህ ሁሉ ለምን? ጀግና ማለት ለልጅ የሚቻለውን ነገር የሚያሳይ ሥዕል ነው። ተኩስ ሰምቶ ያደረ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት የከረመ የእኛ ልጅ ኃይል ያለው ሰው ኃይሉን በምን ላይ ማዋል እንዳለበት ማሰብ ከማንም በላይ ይገባዋል፤ የልዕለ ጀግና ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥቶ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ታዲያ ጥያቄው በሚገባው ቋንቋ፣ በሚጨበጥ ጥራዝ ይቅረብለት። እኛም እስከዚያው ድረስ በየጸጉር ቤቱ ስንከራከር አንድ ደንብ እናውጣ፤ «ይህን ሳታነቡ እንዳትሞቱ» ለሚለን ሁሉ መልሳችን አንዲት አጭር ጥያቄ ትሁን፦ «ጥራዙ የታለ?»

ካለው እጁን ዘርግቶ ይስጠን። ከሌለው አብሮን ይፈልግ።

ቸር እንሰንብት።